ጤናችን፦ ግንባር ሲከብድ፣ አፍንጫ ሲደፈን

ባለፈው ስለ ጉንፋን ስጽፍላችሁ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ዛሬ ከእሱ እጀምራለሁ።

ያን ጊዜ «ጉንፋን የያዘው ሰው ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ይታጠን» ብዬ ነበር። መታጠን የምታውቁት ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን በየቤቱ አለ። እኔ ግን ስለ ልጆች አንድም ቃል አልጻፍኩም። ወረቀቱ ከታደለ በኋላ የማታ ተማሪያችን የሆነች አንዲት እናት ጽሑፉን ራሷ አነበበች። ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። የአምስት ዓመት ልጇ አፍንጫው ተደፍኖ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል። ድስቱን ከእሳት አወረደች። ልጁን አጎንብሳ በጋቢ ሸፈነችው። ልጁ ወበቁ ሲበዛበት ተወራጨ። ድስቱም ተገለበጠ። የፈላው ውሃ ጭኑንና እግሩን ላጠው።

ልጁ ጤና ጣቢያ ታክሟል፤ ቁስሉም እየደረቀ ነው። እናቱን ላያት ስሄድ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «መምህር፣ እኔ ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግኩት» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ቁጣ ምን አለ? ሰው በአፉ የተናገረውን ጎረቤት ይጠራጠረዋል። የተጻፈውን ግን አዲስ አንባቢ እንዳለ ይቀበለዋል። ስለዚህ የጻፍኩትን ላርመው። ልጅን በፈላ ውሃ አትጠኑ። አዋቂም ቢሆን ከፈላ ድስት ላይ አይደፋ። ያን ያህል የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ አደጋው ግን ይኸው ታየ። ሰው በፈላ ውሃ ከተቃጠለ ደግሞ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ አትቀቡ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ አፍንጫው እንመለስ። ጉንፋን ይዞን ሳለ ግንባራችን የሚከብደው፣ ጉንጫችን የሚያመን ለምንድን ነው?

የበሬ ጭንቅላት በመጥረቢያ የፈለጠ ሰው ግንባሩ ድፍን አጥንት እንዳልሆነ አይቷል። ውስጡ ባዶ ክፍተት አለው። በበሬማ ክፍተቱ እስከ ቀንዱ ድረስ ይዘልቃል። ያደገ በሬ ቀንዱ ከሥሩ ሲሰበር ቀዳዳ የሚታየው፣ አንዳንዴም ደም በአፍንጫው የሚወርደው ለዚህ ነው። የሰውም ፊት እንዲሁ ክፍት ነው። አራት ጥንድ ክፍተቶች አሉን። አንዱ ጥንድ ከቅንድብ በላይ ነው። አንዱ በጉንጭ አጥንት ውስጥ ነው። አንዱ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ነው። አራተኛው ከአፍንጫ ኋላ ጠልቆ ይገኛል። እነዚህ ክፍተቶች ሳይነስ ይባላሉ። ሳ - ይ - ነ - ስ። ቃሉ የውጭ ነው፤ ግን አሁን ከተማውም ገጠሩም ይለዋል። «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሳይነስ እንኳ የሁላችንም የፊት አካል ነው። በሽታው የሳይነሱ መቆጣት ነው።

የክፍተቶቹ ግድግዳ በስስ ሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ ጥቂት ጥቂት ንፍጥ ያመነጫል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ያንን ንፍጥ እየጠረጉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጡታል። አቧራውም ጭሱም ተውሳኩም ከንፍጡ ጋር ይወጣል። ጉንፋን ሲይዘን ግን ሽፋኑ ያብጣል። ቀዳዳው ይደፈናል። ንፍጡ መውጫ ያጣል። የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ እንደሚተኛው ነው። በጉንጭ ያለው ሳይነስ ደግሞ ክፉ አሠራር አለው። የማፍሰሻው ቀዳዳ ከታች መሆን ሲገባው ከላይ በኩል ነው። ሰው ቢሠራው ኖሮ ግንበኛውን እንወቅሰው ነበር።

ንፍጡ ሲጠራቀም ፊትን ከውስጥ ይገፋል። ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። በክፍላችን አንድ አባት አሉ፤ ጤፍ ሲያጭዱ ግንባራቸው ሊፈነዳ እንደሚደርስ፣ ቀና ሲሉ ግን ቀለል እንደሚላቸው ነገሩኝ። የላይኛው መንጋጋቸውንም ያማቸዋል። ጥርስ ነው ብለው ሁለት መንጋጋ በጉጠት አስነቅለዋል። ሕመሙ ግን እዚያው ነበር! የላይኛው የመንጋጋ ጥርስ ሥር ከጉንጭ ሳይነስ ጋር ይጎራበታል። ስለዚህ ሳይነስ ሲታመም ጥርስ የታመመ ይመስላል። በተቃራኒውም አለ። የበሰበሰ ጥርስ ሳይነስን ያመግላል። ያን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ይወርዳል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ባለሙያ ነው፤ ጉጠት የያዘ ሰው ሁሉ አይደለም።

ሌሎች «ምች ነው» ይላሉ። ዳማከሴ አሽቶ ማሽተቱን፣ ጤና አዳም በቡና መጠጣቱን አልከለክልም። እናቴም ታደርገዋለች። የቅጠል ጭማቂ ወደ አፍንጫ መጨመር ግን ያቃጥላል፤ ተዉት። ቅንድብ መበጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። ከምላጩ ጋር መንጋጋ ቆልፍ፣ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይገባሉ። ሳይነሱም በምላጭ አይፈስም።

አሁን ጽሕፈታችሁ ለጤናችሁ የሚሠራበት ቦታ መጣ። ጉንፋን ሲጀምራችሁ ቀኑን በደብተራችሁ ጀርባ ጻፉ። «ኅዳር 4» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የቀኑ ቁጥር ነገሩን ይለየዋልና ነው። አብዛኛው ጉንፋንና ከእሱ ጋር የሚመጣው የሳይነስ መቆጣት ቫይረስ በሚባል ተውሳክ የሚመጣ ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይቀላል። ከ100 አዋቂ ጉንፋን ያዛቸው ሰዎች መካከል ሳይነሳቸው በሌላው ተውሳክ፣ በባክቴሪያ፣ የሚያመግለው 2 ቢሆኑ ነው። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ አትደንግጡ። በተራ ጉንፋንም ይሆናል።

ይህን የማነሣው በካፕሱሉ ምክንያት ነው። በገበያ ቀን ከከተማ ተገዝቶ የሚመጣው ካፕሱል፣ አንቲባዮቲክ የሚባለው፣ ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ቫይረስን አይነካም። አንዱ ጎረቤት ከራሱ የተረፈውን ሁለት ፍሬ ለሌላው ይሰጣል። ገንዘቡ ይባክናል፤ ሆድ ይበጠበጣል። ከዚህም የከፋው ተውሳኩ መድኃኒቱን ይለምደዋል። እውነተኛ ሕመም በመጣ ቀን ካፕሱሉ አይሠራም።

መቼ ነው ታዲያ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የሚኬደው? ከጻፋችሁት ቀን 10 ቀን ቆጥራችሁ ምንም ካልቀለለ ሂዱ። ቀልሎ ሳለ እንደገና ከባሰ ሂዱ። ብርቱ ትኩሳት፣ መግል የመሰለ ንፍጥና የፊት ሕመም አንድ ላይ ሆነው ለ3 ቀን ከዘለቁም ሂዱ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ቆይቷል» ከማለት «ኅዳር 4 ጀመረኝ» ማለት ሐኪሙን እጅግ ይረዳዋል። 3 ወር ያለፈው ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል ሊያስልካችሁ ይችላል።

እስከዚያው በቤት የሚደረገው የጨው ውሃ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። በትንሹ ሃይላንድ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዘው፣ ንጹሕ ውሃ ለኩ። በንጹሕ ድስት አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ደጋ ላይ ግን ውሃ ሙቀቱ ብዙ ሳይጨምር ቶሎ ይፈላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ከድኑትና ይብረድ። ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ ማንኪያው እንዳይቆለል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጎንበስ በሉ። ከውሃው በመዳፋችሁ ጨልፉ። አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣት ይዛችሁ በሌላው በቀስታ ሳቡት፤ ከዚያ እንዲፈስ ልቀቁት። ሌላውንም እንዲሁ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉት። የቀረውን ድፉትና በማግሥቱ አዲስ አፍሉ። መጀመሪያ ቀን ያስነጥሳል፤ ዓይንም ያስለቅሳል።

ያልፈላ የወንዝ ወይም የኩሬ ውሃ ወደ አፍንጫ አታስገቡ። ውሃው ውስጥ አሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ሊኖር ይችላል። በአፍንጫ በኩል አንጎል ይገባል። እምብዛም የማይከሰት ነው፤ ሲከሰት ግን ይገድላል። ይኸው ውሃ ብንጠጣው ወደ አንጎል አይወጣም፤ መንገዱ አፍንጫ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጉንጭና ግንባር ላይ አድርጉ። ሾርባም ይሁን አጥሚት፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ስትናፈጡ አንዱን ቀዳዳ ይዛችሁ በቀስታ ይሁን፤ በኃይል ከሆነ ንፍጡ ወደ ሳይነስና ወደ ጆሮ ይመለሳል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የአፍንጫ ጠብታ ወዲያው ይከፍታል። ነገር ግን ከ5 ቀን በላይ ከተጠቀማችሁበት አፍንጫው ይለምደውና ያለ ጠብታው አልከፈትም ይላል።

በየዓመቱ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ ግን ምክንያቱን ከቤታችሁ ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ጭስ ነው። ያ ጥቃቅን ፀጉር በጭስ ይደክማል፤ መጥረጉን ይተዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚቸገሩት እንጀራ ሲጋግሩ ጭሱ ፊታቸው ላይ ስለሆነ ነው። ወንዶች ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ አትለፉት። በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ መስኮት መክፈት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢገኝ ደግሞ ከጭሱ ብዙ ይቀንሳል። እርጥብ እንጨትና እርጥብ ኩበት አታንድዱ። በውቂያ ጊዜ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፤ እብቁም ፊታችሁ ላይ እንዳይመጣ አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ሱረት የምትስቡ ደግሞ ለራስ ምታት ይበጃል ትላላችሁ። ሽፋኑን የሚያስቆጣው እሱ ራሱ ነው። (ይህን ባነብላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ከክፍል ይወጣሉ፤ ቢሆንም ጻፍኩት።)

አፍንጫ የደፈነ ሁሉም ሳይነስ አይደለም። ልጅ በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካለው ሽምብራ ወይም ጨሌ ከቶ ሊሆን ይችላል። በጣትና በእንጨት አትቆፍሩ፤ ወደ ውስጥ ይገባል። በአንድ ወገን ደም የሚመላለስበት፣ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚሰማው ሰው ደግሞ ከምንጭ ሲጠጣ አልቅት ገብቶበት ይሆናል። እሱንም የሚያወጣው ጤና ጣቢያ ነው።

የመጨረሻውን ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ አንብቡ። የዓይን ዙሪያ ካበጠ ወይም ከቀላ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ግንባር ካበጠ፣ አንገት አልታጠፍም ካለ፣ ሰውየው ከዘባረቀ ወይም ከትኩሳት ጋር የማይቻል ራስ ምታት ከያዘው፣ መግሉ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል እየሄደ ሊሆን ይችላል። 10 ቀን አይቆጠርለትም። ሌሊትም ቢሆን በቃሬዛ ይሂድ።

ሰኞ ማታ ከትምህርት በኋላ ድስት፣ ጨውና የሻይ ማንኪያ ይዤ እመጣለሁ። የልጁ እናትም ትመጣለች። በወረቀት ብቻ አይበቃም ብላኛለች፤ ልኩን በዓይኗ ልታይ ነው።