ለመኪና ቀለም ናፍጣ ሳይሆን ሰም

ደብረ ማርቆስ ላይ መንገድ ዳር የቆሙ መኪኖችን አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩ። በሩ ላይ ቀለሙ አለ። ዓይናችሁን ወደ ኮፈኑና ወደ ጣሪያው ስታነሱ ግን ሌላ መኪና ይመስላል። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ጥቁሩ ወደ አመድ ሄዷል። አንዳንዱ ላይማ የላይኛው ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ነው። መኪናው የተቀባው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀለም ነው። ጎኑ ግን አልፎ አልፎ ጥላ ያገኛል፤ አናቱ አያገኝም።

"ፀሐይ ነዋ!" ብሎ ማለፍ ይቻላል። የጎጃም ደጋ ፀሐይ ግን የዋዛ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩም የለዘበ ይመስለናል እንጂ፣ ቀለም የሚበላው ጨረር ብርድ አይገደውም። በዚያ ላይ የክረምቱ በረዶና ጭቃ፣ ከአስፋልት ወጣ ሲሉ የሚጠብቀው አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ሙጫ፣ የወፍ ኩስ አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ በአንድ ጉዞ ከብርድ ወደ ሙቀት ገብቶ ይወጣል፤ ቆርቆሮውም አብሮት ይለጠጣል፣ ይኮማተራል።

ይህን ሁሉ የሚችለው ምን ያህል ውፍረት ያለው ነገር መሰላችሁ? ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከታችኛው ቅብ እስከ ላይኛው ድረስ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከላይ ያለው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የራስ ፀጉራችሁን አንድ ዘለላ ንቀሉ፤ ከዚያ ሽፋን ይወፍራል። ያ ሽፋን ሲያልቅ ቀጥሎ ቀለሙ ነው፤ ከቀለሙ ቀጥሎ ቆርቆሮው ነው፤ ከቆርቆሮው በኋላ ዝገት ነው።

"ታዲያ በነዳጅ ሰልፍ በምንሰቃይበት ጊዜ ስለ መኪና ቀለም ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ወቅቱ ነው ያስባለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ኪስ የሚያቃጥል አድርጎታል። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ የመኪና ቀለምና ቀጭኑም አብረው። ስለዚህ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ዲኤክስ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ነገ በሌላ የምትቀየር ዕቃ አይደለችም። ልጆች ተምረው የሚወጡባት የቤተሰብ ሀብት ናት። ባጃጅም እንደዚያው። ሾፌሩ ለባለቤቱ ዕለታዊ ገቢ እያስገባ፣ ባለቤቱ ብድሩን እየከፈለ፣ አንዷን ባጃጅ ሁለት ቤተሰብ ይበላባታል። ሊሸጧት ሲወጡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን ቀለሟን ነው። በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ ቆሞ የከረመውን መኪና ደግሞ አስቡት፤ ቆሞም ፀሐይ ይበላዋል።

ሙሉ ቀለም ማስቀባት ስንት እንደደረሰ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ላይ ከስቱኮውና ከሽርክቱ በኋላ የሚወጣው ቀለም የፋብሪካውን ያህል አይቆይም፤ ምድጃ ውስጥ የደረቀ አይደለምና።

አሁን ወደ ላቫጆው እንሂድ። መኪና አጠባ የወጣቶች ሥራ ነው፤ ተደራጅተው፣ ቦታ ተሰጥቷቸው፣ በውሃ መቆራረጥ እየተማረሩ የሚሠሩት። ጥሩ የሚሠሩ አሉ። ግን ሁለት ልማዶች አሉ፣ መኪናውን የሚጎዱ። አንደኛው የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። ቅባት ለመንቀል የተሠራ ነገር ስለሆነ፣ ቀለሙ ላይ የነበረውን መከላከያ ሁሉ አብሮ ይነቅላል። ሁለተኛው ናፍጣ ነው። "ትንሽ ናፍጣ ልቀባው? ያብረቀርቃል" ይላል ልጁ፤ እውነትም ያብረቀርቃል። እስከ ነገ። ናፍጣው ላይ አቧራው ይለጠፋል፣ የነበረ ሰም ካለ ይሟሟል፣ የበር ጎማውና የመስተዋቱ ጎማ ቀስ በቀስ ይበላሻል። በማግሥቱ ያን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ለዚህ ነው ናፍጣ ከመቀባት ምንም አለመቀባት ይሻላል የምንለው።

ሌላው ግራ መጋባት ቃሉ ላይ ነው። እኛ አገር "ፖሊሽ" ስንል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ውስጡ ደቃቅ ፈጊ ነገር ያለበት ሲሆን፣ ጭረት የሚያጠፋው ቀለሙን በመላጥ ነው። ያችን ከፀጉር የቀጠነች ሽፋን በየጊዜው ብትፈትጓት ምን እንደሚተርፍ መገመት አያቅትም። ሁለተኛው ሰም ነው። ሰም አይልጥም፤ ይጨምራል። ቆርቆሮው ላይ ምን እንደተጻፈ ሳታነቡ አትግዙ፤ ጭረት ያጠፋል የሚል ከሆነ ፈጊ ነው።

ሰሙ ምን ያደርጋል? እናቶቻችን ከእንጀራው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያስሱት ለምንድን ነው? እንዳይጣበቅ። እዚህም ነገሩ ያው ነው። ጭቃው፣ ሙጫው፣ የወፍ ኩሱ በቀጥታ ቀለሙ ላይ ሳይሆን ሰሙ ላይ ያርፋል፤ ውሃ ሲነካውም ቶሎ ይለቃል። መኪናው ባነሰ ውሃና ባነሰ ፍትጊያ ይታጠባል፤ ጭረቱም የዚያን ያህል ይቀንሳል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ እዚሁ ናቸው። በቅኔው ሰሙን ገልጠን ወርቁን እንፈልጋለን። መኪና ላይ ግን ሰሙ ከተገለጠ ወርቁም አብሮ ይሄዳል።

እውነቱን መናገር ካለብን ግን ሰም ፀሐይን አያስቀርም። ሻጮች እንደሚሉት ሳይሆን፣ ያቺ ስስ ሽፋን ከጨረሩ የምትከላከለው ጥቂቱን ነው። ለፀሐይ መድኃኒቱ ጥላ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያም ይሁን ሸራ። የተቀረፈ ቀለምንም ሰም መልሶ አያበቅልም። ገና ያልሞተውን ነው የሚያቆየው።

የቱን ሰም? ቲክቶክ ላይ የምታዩት ሴራሚክ ጥሩ ነገር ነው፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ዋጋው ግን ሌላ ነው፤ አስቀድሞ ቀለሙ በባለሙያ መስተካከል አለበት፤ በስህተት ከደረቀ ለማንሳት ፈተና ነው። ለባጃጅና ለ1980ዎቹ ኮሮላ ይህ አይመከርም። በሌላ ጫፍ ደግሞ ተረጭቶ የሚወለወል ፈሳሽ አለ፤ አንጸባርቆ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት የሚጠፋ። መሀል ላይ ያለው፣ እኛ የምንለው፣ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ጠጣር ሰም ነው። መሠረቱ ብዙውን ጊዜ ካርናውባ የሚባል ሰም ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል ይሠበሰባል። ዛፉ ራሱ ቅጠሉን ከድርቅና ከፀሐይ የሚከላከልበት ነገር ነው። ንጹሕ ካርናውባ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ሰው ሠራሽ ሙጫ የተቀላቀለበት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ሰም የሚሠራ ኮሊናይት የሚባል ኩባንያ አለ፤ ስሙን ያተረፈው በማንጸባረቅ ሳይሆን ትንሿ ቆርቆሮው ለረጅም ወራት የሚቆይ ሽፋን ስለምትሰጥ ነው። እኛም ስንገዛ መጠየቅ ያለብን "ያብረቀርቃል ወይ?" ሳይሆን "ስንት ወር ይቆያል?" ብለን ነው።

ሂሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። ለአንድ የቤት መኪና ከ15 እስከ 20 ግራም ሰም ይበቃል። 250 ግራም የሚይዝ ቆርቆሮ 12 ጊዜ ያህል ይቀባል ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብትቀቡ ስድስት ዓመት። ለባጃጅማ ግማሹም አያስፈልግም፤ አንድ ተራ ላይ የሚሠሩ ስድስት ሰባት ሾፌሮች እንደ ዕቁብ አዋጥተው አንድ ቆርቆሮ ቢገዙ ዓመት ሙሉ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጎጃሜ መጠየቁ አይቀርም፦ "ማርና ሰም ያለው እኛ ዘንድ፤ ብራዚል ምን ወሰደን?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ሰምም ወደ ውጭ ትልካለች። ጠጅ ቤቶቻችን የሚያወጡት ሰፈፍ ተነጥሮ ሰም ይሆናል። ግን ቸኩላችሁ የጧፍ ሰም ኮፈን ላይ እንዳትለቀልቁ! የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ካርናውባ ግን 82 ዲግሪን ያልፋል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የንብ ሰም ብቻውን እዚያ ላይ ተለስልሶ አቧራ መያዣ ይሆናል። ከጠንካራ ሰም ጋር በመጠኑ ሲቀላቀል ግን ይሠራል፤ በውጭ የሚሸጡ አንዳንድ የመኪና ሰሞችም ይጠቀሙበታል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎች አሉ። ሰሙን ጥሬውን ልኮ በቆርቆሮ ታሽጎ ሲመጣ በዶላር ከመግዛት ይልቅ ቅይጡን እዚሁ መሞከር ለመመረቂያ ጽሑፍ እንኳ አያንስም።

እስከዚያው ያለውን በአግባቡ መቀባት ነው። ሊስትሮ ያያችሁ ሁሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ጫማው መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቀለሙ በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ይወለወላል። የጫማ ቀለምም ውስጡ ሰም ነው። (የጫማ ቀለም መኪና ላይ ሞክሩ ማለታችን አይደለም፤ ማቅለሚያ አለበት።) መኪናውን በመኪና ሻምፑ እጠቡ። ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን በቀስታ ዳብሱት። ከሻከረ የተጣበቀ ሙጫና ቆሻሻ አለ፤ እሱ ሳይለቅ ሰሙ አይዝም። ጥላ ስር፣ ቆርቆሮው እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ ሲሆን ጀምሩ። ስፖንጁን አርጥባችሁ ጨምቁትና በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ብዙ መቀባት ብዙ አይጠብቅም፤ መወልወሉን ያከብደዋል እንጂ። ጠጣር ሰም ከደረቀ እልኸኛ ስለሆነ ሙሉውን መኪና አንዴ አትቀቡ፤ ግማሽ ኮፈን ቀብታችሁ፣ ጭጋግ መምሰል ሲጀምር በንጹሕ ማይክሮፋይበር ወይም በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉና ወደሚቀጥለው እለፉ። መሬት የወደቀ ጨርቅ አይመለስም፤ አሸዋ ይዞ ነው የሚነሳው። ጥቁር ፕላስቲኩን አትንኩ፤ ነጭ እድፍ ይተዋል። አዲስ የተቀባ መኪና ደግሞ ቢያንስ አንድ ሁለት ወር መተንፈስ አለበት።

ለላቫጆ ልጆች ደግሞ ይህ ሥራ ነው። ከአጠባ የሚገኘው ሳንቲም በውሃና በሳሙና ያልቃል። ሰም መቀባቱ ራሱ ግን ብዙ ውሃ አይፈልግም፤ አንድ ቆርቆሮና አራት ንጹሕ ጨርቅ ይዞ አንድ ሰዓት መሥራት ነው። ውሃ በጠፋበት ቀንም ታጥቦ ለመጣ መኪና ይሠራል። ከተማ አስተዳደሩም ለማኅበራቱ ቦታ ሲሰጥ አንድ የጥላ ጣሪያ ቢጨምርበት፣ ከሥልጠና ማዕከሉም የሁለት ቀን ትምህርት ቢያገኙ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ደንበኛውም የናፍጣውን ግብዣ እንቢ ይበል፤ ለሰሙ ደግሞ በልኩ ይክፈል።

ጊዜው? ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጠና አንድ ጊዜ። ሁለተኛው መስከረም ላይ፣ የክረምቱ ጭቃ ታጥቦ ሲያበቃ። በመሀል እንዳለ ለማወቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ሰሙ አለ፣ ተንጣሎ ከተኛ አልቋል።