የአባቴን ኮምፒዩተር ለቆራሌው ልሸጠው ነበር

ዛሬ የምናወጋው ፍቅረኛው ስለከዳችው ወይም አማቷ ስላስቸገረቻት ሰው አይደለም። ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። “ደግሞ ኮምፒዩተር ምን ምክር ያስፈልገዋል?” እንዳትሉኝ። ደብዳቤውን አንብቡና ፍረዱ።

“ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ በግራፊክስ ዲዛይን ነው። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ስለሆናት የምኖረው ከአባቴ ጋር ብቻ ነው። አባዬ በወጣትነቱ የተማረው ምዕራብ ጀርመን ነው፤ እናቴንም ያገባት እዚያው ነው። ሲመለሱ አሚጋ 500 የሚባል ኮምፒዩተርና አንድ ካርቶን ሙሉ ዲስኬት ይዘው መጡ። ከአልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ሳየው ነው ያደግኩት። ባለፈው ወር ቤት ሳጸዳ ቆራሌው በደጃችን ሲያልፍ ጠራሁትና በዋጋ ተስማማን። ልጁ ማዳበሪያው ውስጥ ሊከተው ሲል አባዬ ደረሰ። ምንም ሳይናገር ነጥቆ ይዞት ገባ። ‘አባዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው! የእኔ ስልክ እንኳ ሺህ ጊዜ ይበልጠዋል’ አልኩት። የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘የእናትሽ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው።’ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አያናግረኝም። ምሳ እንኳ አብረን አንበላም። ለአሮጌ ዕቃ ይህን ያህል መኮራረፍ ተገቢ ነው? ምን ላድርግ? ስሜ ይቆይልኝ።”

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አጥፍተሻል። ግን ጥፋትሽ ካለማወቅ ስለሆነ ይስተካከላል። አባትሽ “የእናትሽ ድምፅ” ያሉሽ እንዲያው ለወግ አይምሰልሽ። በእርግጥም ድምፅዋ እዚያ ሊኖር ይችላል። እንዴት መሰለሽ? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1982 ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒዩተር ወጣ። ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ያለው ቀለም 16 ብቻ ነው፤ የድምፅ ቺፑም በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አያወጣም። በዚያችው የስንቱ አገር ወጣት መኝታ ቤቱ ውስጥ ዘፈን ቀመረ፣ ሥዕል ሣለ። በ1985 ያው ኩባንያ አሚጋን አመጣ፤ የአባትሽ አሚጋ 500 ደግሞ በ1987 ለገበያ ቀረበ። የማስታወስ አቅሙ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው። አንዱ ዲስኬት የሚይዘው 880 ኪሎ ባይት ስለሆነ፣ አንቺ ዛሬ በስልክሽ የምታነሺው አንድ ፎቶ እንኳ ብዙውን ጊዜ አይገባበትም።

ታዲያ በዚህች ጠባብ ቦታ ምን ይሠሩ ነበር? ዳን ሲልቫ የሠራው ዴሉክስ ፔይንት የሚባል የሥዕል ፕሮግራም ነበር። ከ4096 ቀለማት ውስጥ 32ቱን መርጠሽ ነጥብ በነጥብ ትሥያለሽ። ቀለማቱን በተራ እያፈራረቅሽ ደግሞ ያልተንቀሳቀሰውን ፏፏቴ የሚወርድ ታስመስይዋለሽ። ለሙዚቃውም በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ አልቲሜት ሳውንድትራከርን አወጣ። ኖታው በአራት ረድፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ ከጀርባው አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሰክተሽ የፈለግሽውን ድምፅ መቅዳትና በዘፈኑ ውስጥ እንደ ክራር ወይም እንደ ከበሮ መጫወት ትችያለሽ። የበር መንኳኳት ይሁን፣ የሰው ሳቅ ይሁን። ቦታ ስለሌለ የሚቀዳው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቢው። እናትሽ በወጣትነቷ የሳቀችው ሳቅ፣ ምናልባትም አንድ “እሺ”፣ አንቺ ከመወለድሽ በፊት እዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? ቆራሌው ስንት ብር ሊሰጥሽ ነበር?

እኔም ብሆን ይህን ስሜት አላጣውም። በወጣትነቴ በምሠራበት ቢሮ በምሳ ሰዓት ተደብቄ በማውስ እንጦጦን እሥል ነበር። አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ለማሳመር ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ። አንድ ቀን ስመጣ ኮምፒዩተሩ “ጸድቶ” ጠበቀኝ። ሥዕሌ የለም! ለማን አቤት ይባላል? ዛሬ በስልክ በአንድ ደቂቃ ከዚያ የተሻለ ይሠራል፤ ያቺ እንጦጦ ግን አሁንም ድረስ ትቆጨኛለች። የሚናፍቀን የማሽኑ ጉብዝና አይደለም፤ ከማሽኑ ጋር እየታገልን ያሳለፍነው ያ ዕድሜ ነው።

ይህ የእኔና የአባትሽ ሞኝነት ብቻ እንዳይመስልሽ። ታዋቂው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1985 ኒውዮርክ ውስጥ አሚጋ ሲመረቅ መድረክ ላይ ወጥቶ የዘፋኟን የዴቢ ሃሪን መልክ በኮምፒዩተሩ ሥሏል። በግሉ የሣላቸው ሌሎች ሥዕሎች ግን ዲስኬት ላይ ቀሩ፤ እሱም በ1987 ሞተ። በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ተቀምጠው የነበሩትን ዲስኬቶች አንብበው ሥዕሎቹን ያወጡት የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት ናቸው፤ ነገሩ ይፋ የሆነው በ2014 ነው። 27 ዓመት ሙሉ “ቆሻሻ” ነበሩ ማለት ነው!

በይ እንግዲህ ወደ መፍትሔው።

አንደኛ፣ ይቅርታ ጠይቂ። “ዕቃ መስሎኝ ነው” አትበይ። “አባዬ፣ የሠራኸውን አሳየኝ” በይ። ዲዛይነር አይደለሽ? በ32 ቀለም እንዴት እንደሚሣል ያስተምሩሽ። አባት ልጁ ከጠየቀችው አይጨክንም።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩን ቸኩላችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ዘመን የቆየ ዕቃ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አፍስሰው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ይየው።

ሦስተኛ፣ ዲስኬቶቹን ከስፒከርና ከማግኔት አርቂ። ጥጓ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍተሽ ቀዳዳው እንዲከፈት አድርጊ፤ ያኔ በስህተት አይጻፍባቸውም። ሻጋታ ያለበትን ከነሻጋታው ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢ። ተራ ኮምፒዩተር የአሚጋን ዲስኬት በቀጥታ አያነብም፤ ዲስኬት ማንበቢያውን በዩኤስቢ አገናኝተው የሚገለብጡ ልዩ መሣሪያዎች ግን አሉ። ከተገለበጠ በኋላ ሥዕሉም ዘፈኑም አሚጋን በሚያስመስል ፕሮግራም ዛሬ ባለሽ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። ብቻ አትዘግዩ፤ ማግኔት በዕድሜ ይደክማል። ሁሉም ይተርፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም።

ለአባትዬውም አንድ ቃል አለኝ፤ ጋዜጣውን ካነበቡ። አባቴ፣ ልጅዎ ያላወቀችው እርስዎ ስላልነገሯት ነው። እናቷ ለእሷም እናቷ ናት። ያንን ድምፅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሥር ለብቻዎ ይዘው መቀመጥዎ ልክ አይደለም። ኩርፊያው ይብቃና አብራችሁ ስሙት።

እህቴ፣ ዘፈኑ ሲከፈት ጻፊልኝ። ባይከፈትም ጻፊልኝ።

ሳምንት ሰው ይበለን!