ስለ ጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ፤ ሳይመረምሩ ለሚያወግዙ የተሰጠ መልስ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉት ሰፈሮች፣ በታክሲ ሰልፍ የቆመ ወጣት በስልኩ ላይ ሥዕል ከቀኝ ወደ ግራ ሲያነብ ቢታይ፣ የያዘው ማንጋ የሚባለው የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚመጣ ድምፅ ማለት ነውና፣ የሩቅ አገር ወሬ እዚያ መድረሱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀውስ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ «የአጋንንት ሥዕል ነው» እያሉ ከልጆች እጅ የሚነጥቁት ሰዎች ድፍረት ነው።

ማንጋ ትናንት የተፈለሰፈ የሕፃናት መጫወቻ አይደለም። ሆኩሳይ የተባለው ሠዓሊ በዚህ ስም የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመው በፈረንጅ ቁጥር በ1814፣ አፄ ቴዎድሮስ ከመወለዳቸው አስቀድሞ ነው። የዛሬውን መልክ ያስያዘው ደግሞ ሕክምና የተማረው ኦሳሙ ቴዙካ (1928–1989) ሲሆን፣ አገሩ በጦርነት ከወደመች በኋላ በርካሽ ወረቀት በታተመ መጽሐፍ ታወቀ። በ1997 የተጀመረው የኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሟል።

ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል የለም፤ ደም የሚያፈስስም፣ ዕርቃን የሚገልጥም አለበት። ነገር ግን ጃፓኖች ራሳቸው ለወንዶች ልጆች፣ ለሴቶች ልጆች፣ ለአዋቂዎች እያሉ መጽሔቱን ለይተው ያትማሉ። ነጣቂው አባት ግን ይህን መለየት ስለማያውቅ ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋራ ያቃጥላል።

ደግሞም በማንጋ ውስጥ በአንዱ ሣጥንና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ አንባቢው በራሱ ልብ ይሞላዋል፤ ሰይፉ ሲነሣ ይታያል፣ ሲያርፍ አይታይም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደ የቅኔ ተማሪ ይህን አይንቀውም። ጀማሪውም ሠዓሊ በታወቀ ሠዓሊ ሥር ረዳት ሆኖ መስመር እያሰመረ ይማራል፤ በእኛም አገር ደቀ መዝሙር ከየኔታው እግር ሥር እንዲሁ ነው።

ታሪክን በሥዕል ማስነበብስ ለኢትዮጵያ አዲስ ነውን? የተአምረ ማርያም መጻሕፍት በሥዕል ያጌጡ ናቸው። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሣጥን ተከፍሎ፣ ከየሣጥኑ በታች አማርኛ ተጽፎበት በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። ዛሬ ግን ያ ሸራ አማርኛውን ለማያነብ ጐብኚ ይሸጣል፤ የአገሩ ልጅ የጃፓኑን በእንግሊዝኛ ያነባል። ወቀሳ ካለ በዚህ ላይ ይሁን!

ጃፓኖች ፊደላቸውን አልጣሉም። ቀድሞ ኤውሮፓና አሜሪካ ማንጋን ሲያትሙ ገጹን እንደ መስታወት ምስል ገልብጠው ነበር፤ ኋላ ግን ብዙዎቹ መገልበጡን ትተው አንባቢያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብን ለመደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያን አገር ጐብኝተው በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው የሰየሙት፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የሌላውን አገር ከመመርመር እንደማይከለክል ዐውቀው ነው።

ብስራት ደበበ የተባለው ወጣት በፈረንጅ ቁጥር በ2018 «ጀምበር» የሚባል ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። የልጁን ስልክ የሚነጥቀው አባት ይህን ገዝቶ ሰጥቶ ያውቃልን? ሥዕል የሚያውቀው ደብተራስ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ በሣጥን ከፍሎ፣ በየአፉ ቃል ጽፎ ለጀሞ ልጆች ቢያቀርብ ማን ከለከለው?