የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ያዥ ሳይሆን ባለሙያ ይመደብለት

በገጠር ሕዝቡ በገንዘቡና በጉልበቱ ተባብሮ የሠራቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ የመማሪያ ክፍሎች ሲያቆም፣ አንዷን ክፍል ለቤተ መጻሕፍት መተው እየተለመደ መጥቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ክፍሉ አልቆ መጻሕፍቱ ከመጡ በኋላ በስብሰባ ላይ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ቁልፉን ማን ይያዝ?» የሚል ብቻ ነው። መነሣት የሚገባው ግን «ሥራውን የሚያውቅ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በሬ ተጠምዶ፣ ሞፈርና ቀንበር ተሟልቶ፣ እርፍ የሚጨብጥ ከሌለ ማሳው ጦሙን ያድራል። ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው።

የጉዳዩ ክብደት ካለፈው ታሪክም ይታያል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተካሂዷል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው አዋጅ መሠረት የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት የማስተማሪያ ጣቢያ በመሥራትና ሕዝቡን በመቀስቀስ ለዘመቻው ከፍተኛ ድርሻ አበርክተዋል። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። ነገር ግን ፊደል ከቆጠሩት መካከል የሚያነቡት በማጣት ያወቁትን መልሰው የረሱ ብዙዎች ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማንበብ የሚያስተምር ሰው ብቻ አይበቃም፤ ንባቡን የሚያዘልቅ ሰውም ያስፈልጋል።

ዛሬ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠው በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከማስተማር ለተገለለ መምህር፣ አለዚያም ሌላ ቦታ ላልተገኘለት ሠራተኛ ነው። የተመደበው ሰው ጥፋተኛ አይደለም። መጻሕፍቱን ቆጥሮና ፈርሞ ተረክቧል፤ አንዱ ቢጠፋ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ሥራውን ግን ማንም አላሳየውም። ስለዚህ በሩን መቆለፍ ይመርጣል። መጽሐፉ አይጠፋም፤ ተማሪውም አያነበውም። በጎተራ እንዳለ የዘር ወቅት ያለፈበት እህል ለነቀዝ እንደሚቀር ሁሉ፣ ያልተነበበ መጽሐፍም የምስጥና የአይጥ ሲሳይ ይሆናል።

ለመሆኑ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሠለጥነው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ምዝገባ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ እንደገባ ማኅተም ተመትቶበት፣ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይሰፍራል። ሁለተኛው በየዓይነቱ መመደብ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበትና እ.ኤ.አ. በ1876 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የዱዊ አመዳደብ ዕውቀትን በ10 ታላላቅ ክፍሎች ይከፍላል። በዚህ አመዳደብ ግብርና 630 ነው፤ የሰብል እርሻ 633፣ የከብት እርባታ 636፣ የንብ እርባታ ደግሞ በ638 ሥር ይገኛል። ቁጥሩ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ከተጻፈ፣ ስለ ንብ ማንበብ የፈለገ ልጅ መደርደሪያውን ሁሉ ሳያተራምስ የሚሻውን ያገኛል። መጻሕፍቱ ጥቂት በሆኑበት ትምህርት ቤት ለየዓይነቱ አንድ የቀለም ምልክት መለጠፍ ለጊዜው ይበቃል።

ሦስተኛው ማዋስ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደና መቼ እንደሚመልስ በካርድ ወይም በደብተር ይያዛል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ መጽሐፍ ለማዋስ አይፈራም። አራተኛው ጥበቃ ነው። መደርደሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ጥቂት ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ምስጥና እርጥበት የሚመጡት በዚያ በኩል ነውና። የፀሐይ ሐሩር በቀጥታ እንዳያገኘው መከለል፣ የተገነጠለውንም በመርፌ፣ በክርና በሙጫ መጠገን ይገባል።

አምስተኛውና ዋናው ሰውን ማገልገል ነው። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን ጠይቆ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ፣ ለታናናሾቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ፣ አፍሮ በር ላይ የቆመውን ልጅ የሚያስገባ ሰው ነው ባለሙያ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን መግለጫም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በሙያው የሠለጠነና ከመምህራን ጋር ተባብሮ የሚሠራ እንዲሆን ያሳስባል። ለዚህም ከአገራችን ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ያገለገሉት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአዋሳም አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት እንዲጀመር አድርገዋል። ባለሙያ ያለው ቤተ መጻሕፍት አንባቢ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ወደ አንባቢው ይሄዳል።

የትምህርቱ ደረጃ የተለያየ ነው። በከፍተኛ ደረጃ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን ከፍቶ ባለሙያዎችን በማስተርስ ዲግሪ ማሠልጠን ጀምሯል፤ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት በጅማ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ለገጠር ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም እንደ ኮድ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች አጫጭር ሥልጠናዎችን ሲሰጡ ቆይተዋል። ለአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለዲግሪ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ዝናብ ሳይጥል ያለፈ ክረምትን እንደመጠበቅ ነው። የሚበጀው ከአካባቢው ተገቢውን ሰው መርጦ በአጭር ሥልጠና ማስጀመር፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እንዲማር መደገፍ ነው።

ምርጫው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ፣ የአካባቢውን ቋንቋ አጥርቶ የሚያነብና የሚጽፍ፣ ልጆችን የሚወድ፣ ራሱም ማንበብ የሚወድ ሰው ይፈለጋል። ትምህርቷን ጨርሳ በቤቷ የተቀመጠች ወጣት ለዚህ ሥራ በእጅጉ ትመቻለች፤ ከተማ ለመግባት ከሚጣደፍ ሰው ይልቅ በቀበሌዋ የምትቆይ ናትና፤ ለሴት ተማሪዎችም አርአያ ትሆናለች። በዝምድና መመደብ ግን ቤተ መጻሕፍቱን መልሶ መቆለፍ ነው።

አንዳንዶች «ለመምህር ያጠረ ገንዘብ ለመጽሐፍ ጠባቂ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ለክፍሉና ለመጻሕፍቱ የወጣው ወጪ አስቀድሞ የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ ያለ ሠራተኛ የሚባክነውም ያው ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ከቀበሌው ጋር ተመካክሮ ከትምህርት ቤቱ ገቢ መጠነኛ ደመወዝ ሊቆርጥ፣ ወረዳውም ቋሚ የሥራ መደብ እንዲፈቅድ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ነፃ አገልግሎት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አጨዳና ውቂያ ሲመጣ ነፃ አገልጋይ ወደ አውድማው ይሄዳል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይዘጋል።

ቤተ መጻሕፍቱ የተማሪ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርም ያስፈልጋል። የግብርና ልማት ሠራተኛው ስለ ተባይ መከላከልና ስለ አፈር ጥበቃ የሚያገኛቸውን ጽሑፎች ለሠለጠነው ሠራተኛ ቢያስረክብ፣ ሠራተኛውም በ630 መደብ ቢያስቀምጣቸው፣ ልጅ ለአባቱ፣ አባትም ለጎረቤቱ ያነባል።

ስለዚህ ዛሬም በብዙ ቦታ በገበሬ ማኅበር ስም የሚጠሩት ቀበሌዎች መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባቸዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? ባለፈው ወር ስንት መጽሐፍ ተዋሰ? ሠራተኛው የት ሠለጠነ? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ፣ ሕዝቡ ለፍቶ የሠራው ቤት ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። የጎተራ ጥቅሙ እህሉ በጊዜው ሲዘራና ሲበላ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትም ጥቅሙ መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ነው። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ ሰው ነው።