ሳይገጭ «ገጨሁ» የሚል ምስክር





ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ኢማሙን ፈልጎ መጣ። ስላልነበሩ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ጓደኛው መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ከራሱ ግቢ አጥር ጋር ተላትሞ ፓራውልቱንና የኋላ መብራቱን ሰብሯል። ሙሉ ዋስትና የለውም። ያለው ቦሎ ለመውሰድ የገባው የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱን መኪና አያሠራለትም። ስለዚህ «አንተ ገጨኸኝ በል። መኪኖቹን አጠጋግተን ትራፊክ እንጠራለን፣ ያንተ ኢንሹራንስ ይከፍለኛል፣ ከኪስህ ሳንቲም አይወጣም» አለው።

«እኔ ምንም አልወስድም፣ ውለታ ነው» አለን ወንድማችን። ቀጠለና «ደግሞስ ኢንሹራንስ ራሱ ሐራም አይደል? ከነሱ ቢወሰድ ምን አለበት?» አለ።

ከዚህች ከሁለተኛዋ እንጀምር፤ የዲን ልብስ ለብሳ ስለምትመጣ ይበልጥ የምታስፈራን እሷ ናት።

እርግጥ ብዙ ዑለማዎች የንግድ ኢንሹራንስን አይፈቅዱም። መቀመጫው ጂዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ውሉ ከባድ ገረር (መጨረሻው ያልታወቀ ነገር) አለበት ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ስለ ውሉ ነው እንጂ ገንዘቡ ባለቤት የለውም አላለም። የጎረቤትህን ንግድ አልወደድከውም ማለት ካዝናውን መክፈት ተፈቀደልህ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን ዋስትና ግዴታ ስለሆነ ሁላችንም እንገባለን። ግዴታው ውሉን መግባታችንን ይሸፍናል፣ መዋሸታችንን ግን አይሸፍንም።

ገንዘቡስ የማን ነው? የሚኒባሱ ሹፌር፣ የአይሱዙው፣ የባጃጁ ዓመታዊ አረቦን ነው። የታሰበውም መንገድ ላይ ለተገጨ እግረኛ፣ ያለ ጥፋቱ ንብረቱ ለተሰበረበት ሰው ነው። ነገ በምትኩ ተካፉል ቢስፋፋ ይህ ልማድ አብሮን ቢገባስ? እዚያ ገንዘቡ አባላቱ ለመረዳዳት ያዋጡት ነው። ያኔ ማንን ሐራም ብለን እንዘርፋለን?

አሁን ወደ «ውለታው» እንመለስ። ወንድማችን ያላየው ነገር አለ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን ያነሳል፣ ይጠይቃል፣ ቃል ይቀበላል። እዚያ ላይ «እኔ ነኝ የገጨሁት» ብሎ መፈረም ምን ይባላል? ሸሃደቱ ዙር ይባላል፣ የሐሰት ምስክርነት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ወንጀሎች ጋር ሲቆጥሩት ተደግፈው ከነበሩበት ቀና ብለው ተቀምጠው ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ በሐዲስ ተዘግቧል። ለዚህ ወንጀል ገንዘብ መቀበል መስፈርት አይደለም። እንዲያውም በነፃ መዋሸቱ የባሰ ኪሳራ ይመስለናል።

ነገሩ ሲሰፋ የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ይመልከት። ሆን ብለው ከትላልቅ የጭነት መኪኖች ጋር እየተላተሙ ካሳ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። ጠበቆች ሳይቀሩ ከ60 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ካሳው ከፍ እንዲል ቀዶ ሕክምና ያደረጉም አሉ (ለገንዘብ ብሎ ጀርባውን ለቢላ የሚሰጥ ሰው!)። ከመርማሪዎች ጋር ሲተባበር የነበረ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 በጥይት ተገደለ። በዚያ አገር የጭነት መኪና የሚነዱ ሐበሾች ጥቂት አይደሉም፤ ሳያጠፋ «ገጪ» ተብሎ የሥራ መዝገቡ የሚበላሸው እንደነሱ ያለው ሹፌር ነው።

ይህን ከዚህ በፊት ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም፣ ይመለሳል። ስሙን መግለጽ ከፈራ በሚያምነው ሰው በኩል ለድርጅቱ ማድረስ ይችላል። እንዲህ አድርጉልን ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር እንረዳዋለን፣ ማንነቱን አንጠይቅም።

ወንድማችን እዚያው መስጂዱ በረንዳ ላይ ጓደኛው ጋ ደወለ። ጓደኛው ተቆጣና ስልኩን ዘጋበት። በማግስቱ ከጀመዓው ጥቂት ሰዎች ሆነን ቀርድ አሰባስበን ለጓደኛው ላክንለት። የመብራቱ ዋጋ ተሟልቷል። ለፓራውልቱ ገና ነው፣ መኪናውም ጋራዥ ቆሟል።