መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ ስካነሩን

ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ሌሊቱን ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ፎቶ ነው። ሻንጣ ይወርዳል፣ መሳቢያ ይገለበጣል፣ አልበም ይበተናል። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚገኘው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እሱም ሲጎላ ፊቱ ይደበዝዛል። ያ ሰው በወጣትነቱ እየሳቀ የተነሳው ጥሩ ፎቶ ግን እዚያው ቤት፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ በተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እስከዚያ ቀን የከፈተው ስለሌለ ማንም አያውቀውም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ስለዚያ ቆርቆሮ እናውራ። በውስጡ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ በፖስታ የተጠቀለለ ኔጋቲቭ፣ ምናልባትም ስላይድ ታገኛላችሁ። ስላይድ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ፍሬም ውስጥ ያለች ትንሽ ፊልም ናት፤ ወደ ብርሃን ስታነሷት ባለቀለም ምስል ይታያል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ አባት ወይም አጎት ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ማሳያ መሣሪያው ግን ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ አምፖሉ አይገኝም። ኮዳክ ራሱ የስላይድ ማሳያ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

የትኛው ይቅደም?

ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ለጥቁርና ነጩ ፎቶ ነው፤ የሚያረጀው እሱ ይመስለናልና። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል የሚሠራው ከብር ነው፤ በደንብ የታጠበና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። የቀለም ፎቶ ግን የተሠራው በማቅለሚያ ነው፤ ማቅለሚያው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ይለቃል። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የቀለም ፎቶዎች ወደ ቀይ ያደሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ በቀለም ፎቶዎቹ ጀምሩ። በስላይዶቹ ፍሬም ላይ «ኮዳክሮም» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ትንሽ ተረጋጉ፤ ኮዳክሮም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን በመያዝ የታወቀ ፊልም ነው።

ሌላው የሚያስቸኩል ነገር ሙጫ ያለበት አልበም ነው። ገጹ የሚያጣብቅ፣ ከላይ በስስ ፕላስቲክ የሚሸፈነው ዓይነት ማለት ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ያቢጫል፣ ይይዘዋልም። በጥፍር አትላጡት። ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። እምቢ ካለ ተዉት፤ እዚያው እንዳለ ስካን ይደረግ።

ስለ መሣሪያው በአጭሩ

ለወረቀት ፎቶ ተራ የቢሮ ስካነር ይበቃል። ጥራቱን 600 ዲፒአይ ላይ አድርጉት፤ ለትንንሽ ጉርድ ፎቶዎች 1200 ይሻላል። ለስላይድና ለኔጋቲቭ ግን ተራው ስካነር አይሠራም፤ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ ማለፍ ስላለበት ክዳኑ ላይ መብራት ያለው ስካነር ያስፈልጋል። የስላይድ ምስል ስፋቱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 2400 ዲፒአይ ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 8 ሜጋፒክስል የሚጠጋ ምስል ይሰጣችኋል። በ300 ከተሠራላችሁ ግን ከስልክ ስክሪን የማያልፍ ነገር ነው የምትቀበሉት።

ሥራውን ለፎቶ ቤት የምትሰጡ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አታስረክቡ። አምስት ብቻ ሰጥታችሁ ውጤቱን እዩ፣ በስንት ዲፒአይ እንደሚሠሩ ጠይቁ፣ የሰጣችሁትን ቁጥር አጽፋችሁ ተቀበሉ። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፊልሙን ዳሩን ብቻ ያዙ፤ አቧራውን በትንሽ የአየር መንፊያ አስወግዱ እንጂ በውኃም በአልኮልም አትጥረጉ። በምስሉ ላይ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የመኪና ታርጋ ተገልብጦ ከታያችሁ ስላይዱን ያስቀመጣችሁት በተሳሳተ ፊቱ ነው።

የወረቀት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጀርባውንም ስካን አድርጉ። «ለውድ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለው ጽሑፍ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ፊርማው ሁሉ የፎቶው አካል ነው።

ስምና ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሣሪያ ዛሬም ይገኛል፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ይገኛል፤ ምናልባትም የተሻለ። የማይቆየው በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚያውቀው ሰው ነው። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር ይሄዳል፣ በየትውልዱም ይቀየራል። «አለሙ» ብላችሁ ብትጽፉ ልጆቻችሁ የትኛው አለሙ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ የለም። እስከ አያት ጻፉ፤ ከዚያም የማን ምን እንደሆነ ጨምሩ።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። በፎቶ ጀርባ በእጅ የተጻፈ ቀን ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ውጭ አገር የታጠበ ስላይድ ፍሬም ላይ የታተመው ግን በፈረንጆቹ ነው፤ ያውም ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት ቀን አይደለም። ሁለቱን ካቀላቀላችሁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ትስታላችሁ፤ በእናታችሁና በታላቅ እህቷ መካከል ያለው ልዩነትም ምናልባት ያንኑ ያህል ነው።

በእኛ ቤት የአያቴ ወንድም ውጭ ሲማሩ ያነሷቸው ስላይዶች ነበሩ። በአንዱ ላይ አራት ልጆች አደይ አበባ ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ፍሬሙ ላይ ያለው ማኅተም ጃንዋሪ 72 ይላል፤ አደይ አበባ ግን በጥር የለም። ፎቶው የተነሳው በመስከረም 1964 ሆኖ፣ ፊልሙ የታጠበው እሳቸው ወደ ትምህርታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ይህን በቀላሉ ደረስንበት። ያልደረስንበት የልጆቹ ቁጥር ነበር፤ አያቴ የወለዱት ሦስት ነውና።

አያቴን ጠየቅናቸው። ምስሉን በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ከዳር ያለውን ልጅ ስም እስከ አያቱ ጠሩት። እናቱ የሞተችበት የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እሳቸው ጋ አደገ፣ ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ አልተመለሰም። እናቴ ስታለቅስ ነው ሌሎቻችን የሰማነው። «ምነው ነግረውን አያውቁም?» ስንላቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ዛሬ እሳቸው የሉም። የልጁ ስም ግን በፋይሉ ላይ አለ።

ስትጠይቁ «ይሄ ማነው?» ብቻ አትበሉ። «ይህን ቀሚስ ማን ሰፋው?»፣ «ቤቱ የት ነበር?»፣ «ከካሜራው ጀርባ የቆመው ማን ነው?» በሉ። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። በአንድ ጊዜ ከሃያ ፎቶ አትለፉ፤ ይደክማቸዋል። ዝም ብለው የሚያልፉት ፎቶ ካለም አታስጨንቋቸው። በቀይ ሽብር ያለቀ ወንድም፣ በክፉ የተለያዩት ባል፣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ሳያስፈቅዱ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ማስታወስ አይባልም።

ከተሠራ በኋላ

ፋይሎቹን በዓመት፣ በቦታና በሰው ስም ሰይሙ፤ «1964 መስከረም አዲስ አበባ» ብሎ መጀመር በቂ ነው። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል። በሥራዬ የሚላኩልን ምስሎች ለማተም የማይሆኑት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከቤታችሁ ውጭ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች እህት ለሦስተኛው ቅጂ ጥሩ ጠባቂ ናት፤ እሷም እናቷን በልጅነቷ ማየት ትፈልጋለች። የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ኢሜይላችሁንም ስለሚይዝ፣ እሱን ብቻ አትመኑ።

ዋናዎቹን ፎቶዎች ደግሞ ስካን ስለተደረጉ አትጣሉ። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትና ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ እርጥበት አርቃችሁ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ስካነር እስክትገዙ አትጠብቁ። በሚመጣው እሑድ ከቡና በኋላ ቆርቆሮውን አውርዱ፣ እስክሪብቶና ደብተር ያዙ፣ ከቤቱ በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጡት ሰው አጠገብ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ስጡና ስሙን ጻፉ። ስካን ማድረጉ ለሌላ ሳምንት ይደርሳል።