ጣት ከጆሮ አይቅደም

ጊታር የሚማር ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በአብዛኛው ዓይኑን ከጊታሩ አንገት ላይ ሳይነቅል ነው። አስተማሪው ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮው ነጥብ ነጥብ ያለበት ሥዕል ይሰጠዋል፤ እዚህ ጋ ሌባ ጣት፣ እዚያ ጋ የቀለበት ጣት፣ ቀጥሎ ትንሿ ጣት እየተባለ ስኬሉ ይነገረዋል። ተማሪው ሥዕሉን በቃሉ ይይዛል፣ ጣቱም ቀን በቀን ይፈጥናል። ፊቱን አዙሮ አንድ ድምፅ ቢመታለትና የስኬሉ ስንተኛ እንደሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። ሰርግ ቤት የሰማውን ዜማ እቤቱ ገብቶ ልጫወተው ቢልም አይሆንለትም፤ ሥዕሉ ካልተላከለት እጁ አይንቀሳቀስም። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ስኬል ከሁሉ በፊት የጆሮና የጉሮሮ ትምህርት ሆኖ ሳለ የጣት ትምህርት አድርገን ማስተማራችን ነው ችግሩ።

ለዚህ ከገዛ ስኬሎቻችን፣ ከቅኝቶቻችን፣ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። ትዝታ ማይነርን ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። አምባሰልን ደግሞ ከሶል እንነሣ፤ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምስቱም ያው ናቸው! በጊታሩ አንገት ላይ የሚረገጡት ቦታዎችም አንድ ናቸው። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀርና ከላ የሚነሣው ባቲ ማይነርም እንዲሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ይጋራሉ። ታዲያ ትዝታን ትዝታ፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ምንድን ነው? ዜማው የሚያርፍበት ድምፅና ሌሎቹ ከእሱ ያላቸው ርቀት ነው። ላ ፍላትን ብቻ ነጥለን እንያት። በአምባሰሉ ውስጥ ከማረፊያው ከሶል በላይ ግማሽ ድምፅ ማለትም አንድ ፍሬት (የጊታሩ አንገት አንድ ክፍል) ብቻ ርቃ ስለምትገኝ ወደ ቤቷ ልትወርድ ትቸኩላለች፤ ያንን የሚያባባ ስሜት የምትሰጠውም ለዚህ ነው። በትዝታ ማይነሩ ውስጥ ያቺው ላ ፍላት ከማረፊያዋ ከዶ ርቃ ትቀመጣለች፤ ወደ ሶል ብትወርድም ጉዞው አላለቀም፣ ዶ ገና ይጠበቃል። ጣት ይህን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም፤ ለጣት ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። ሥዕል ብቻ የያዘ ተማሪ አምባሰል ተጫወትኩ ብሎ በዶ ላይ ሲያርፍ ሰሚው ትዝታ ይሰማል፣ ተጫዋቹ ግን ምን እንደተፈጠረ አይገባውም።

የጊታሩ አሠራር ራሱም ዓይንን ያሳስታል። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ከአንዱ ክር ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት አምስት ግማሽ ድምፅ ሲሆን ከሶል ወደ ሲ ግን አራት ብቻ ነው። ስለዚህ ያው የድምፅ ርቀት እዚያ ጋ ሲደርስ ቅርፁ ይለወጣል፣ ሥዕል የሸመደደውም ሌላ ሥዕል ሊሸመድድ ነው። ለጆሮ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ከዚህ የባሰም አለ። ቀጭኑ ክር ሳይረገጥ የሚሰጠው ሚ፣ ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምረን ስንቆጥር፣ በሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው 9ኛ፣ በአራተኛው 14ኛ፣ በአምስተኛው ደግሞ 19ኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። ፒያኖ ላይ ለዚህ ድምፅ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። አንድ ድምፅ አምስት አድራሻ ባለው መሣሪያ ላይ አድራሻ እየቆጠሩ መማር አድካሚ ነው።

ክራር ደርዳሪ ይህ ችግር የለበትም። ማረፊያውን ሳይለውጥ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ስላለበት አንድም ዜማ ሳይመታ ጆሮው ሥራ ይጀምራል። ማሲንቆ ደግሞ አንድ ክር እንጂ ፍሬት የለውም፤ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚነግረው ጆሮ ብቻ ነው። በዜማ ቤትም ተማሪው መምህሩን እየሰማ፣ እየተቀበለ፣ እየደገመ ነው ድጓውን የሚዘልቀው። የዜማ ምልክቶቹ በብራናው ላይ አሉ፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት አስቀድሞ በጆሮ የገባውን ነው። ሃንጋሪያዊው አቀናባሪ ዞልታን ኮዳይም (እ.ኤ.አ. 1882–1967) ልጆች መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት በድምፃቸው ይዘምሩ ይል ነበር፤ በስሙ የሚጠራው የማስተማሪያ ዘዴም ዶን እንደ ዜማው ከቦታ ቦታ ተንቀሳቃሽ ያደርጋል። ጊታር ግን ፍሬቱ የጆሮን ሥራ ይሠራለታል፣ መቃኘቱንም ዛሬ የስልክ መተግበሪያ ተረክቦታል። ጆሮ ሥራ ፈቶ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል?

«ጆሮ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ ያልታደለ አይማረውም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። ያለ ምንም ማነጻጸሪያ አንድ ድምፅ ሰምቶ «ይህ ፋ ነው» የሚል ሰው በእርግጥ ጥቂት ነው። ስኬል ለማወቅ የሚያስፈልገው ግን ይህ ሳይሆን አንድን ድምፅ ከማረፊያው ጋር አነጻጽሮ መለየት ነው፤ የዚህ መሠረቱ ደግሞ ሁሉም ሰው ዘንድ አለ ማለት ይቻላል። የሚያውቁትን ዘፈን ሴት ከፍ አድርጋ፣ ወንድ ዝቅ አድርጎ ቢዘፍነው ያው ዘፈን መሆኑን አይጠራጠሩም። ዘፋኙ ከዜማ ሲወጣም ሙዚቃ ያልተማረው ታዳሚ ፊቱን ያኮሳትራል። ጆሮው አለ፤ የጎደለው ለሚሰማው ነገር ስም መስጠትና ቦታውን ማወቅ ነው፣ ይህም በልምምድ ይመጣል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የባህል ዘፋኞቻችንና ማሲንቆ መቺዎቻችን የሚያወጡት ድምፅ ሁልጊዜ ከፍሬት ጋር አይገጥምም፤ በተለይ አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት በጊታር የሰማ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል። ስለዚህ ጆሮን በጊታር ማሠልጠን ቅኝቱን ማበላሸት አይሆንም ወይ? ስጋቱ እውነት ነው፣ ጊታር እዚህ ላይ የሚያሳጣን ነገር እንዳለም አምናለሁ። መፍትሔው ግን ጆሮን መተው አይደለም። መጀመሪያ ከዘፋኙ የሰማ፣ በጉሮሮው ያወጣው ተማሪ ፍሬቱ የት ላይ እንደሚያጥር ያውቃል፤ ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ሊያቀርበውም ይችላል። ከሥዕል የተማረው ጉድለቱንም አይሰማው።

ጊዜ የለኝም ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሰዓት ሳይሆን የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። አምስተኛውን ክር ላን ሳይረግጡ መትተው እያስተጋባ ሳለ የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ በአፍ ማዜም፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በጣት ፈልጎ ማግኘት። ቢሳሳቱም ፍሬቱ ወዲያው ያርማል። ጊታር የምታስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪያችሁ አምስቱን ድምፆች ከማረፊያቸው ጋር አዚሞ ሳያሰማችሁ ሥዕሉን አትስጡት።